ዝም በል የተባለው ልጅ እንዴት ተናገረ?



ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ አጭር ነው። ልጅ አፉን የሚፈታው ማን አስተምሮት ነው? የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ልቀጥል።

ለዚህ ጥያቄ ያለ አንዳች ማመንታት መልስ የሰጠ አንድ የሥነ ልቦና ወገን ነበር። ባሕርያውያን እንበላቸው። ሰው በልቡ ያለውን ማንም ገብቶ አላየውም፤ የሚታየው የሚሠራው ብቻ ነው፤ እንግዲያስ ስለሚታየው እንነጋገር ይላሉ። አሜሪካዊው ጆን ዋትሰን ይህን በ1913 በይፋ አወጀ። ከእሱ በፊት ሩሲያዊው ፓቭሎቭ፣ ውሻ ምግቡ ሲቀርብ አብሮ የሚሰማውን ድምፅ ከለመደ ምግቡ ባይመጣም በድምፁ ብቻ ለሃጩን እንደሚያዝረከርክ አሳይቷል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ደግሞ ድመት በሳጥን ዘግቶ፣ መክፈቻውን በአጋጣሚ የነካችው ድመት በሚቀጥለው ጊዜ እየፈጠነች እንደምትወጣ ለካ። ደስ የሚል ነገር ያስከተለ ሥራ ይደገማል፣ ያላስከተለው ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ወስዶ እስከ ሰው ንግግር ያደረሰው ቢ. ኤፍ. ስኪነር ነው። የሃርቫርዱ ስኪነር አይጥና እርግብ እያሠለጠነ ስሙን ያስጠራ ሰው ሲሆን፣ የንግግር ባሕርይ የተሰኘውን መጽሐፉን በ1957 አሳተመ። ሐሳቡን ወደ መንዝ ቤት እናምጣው። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ እንደታዘለ ያጉተመትማል። ካጉተመተመው መካከል አንዱ «እማ» የሚመስል ይሆናል። እናቱ ዘወር ትላለች፣ ትስቃለች፣ ጡት ትሰጠዋለች። ያ ድምፅ ዋጋ አገኘ፤ ስለዚህ ይደገማል። ውሃ ሲፈልግ «ዉ» ይላል፤ ለጊዜው በዚያው ይሰጠዋል። ትንሽ ካደገ በኋላ ግን «ዉ» ብቻውን አይበቃም፤ አስተካክሎ እስኪጠራው ድረስ ጣሳው ይዘገያል። እንዲህ እያለ ድምፁ እየተሞረደ ቃል ይሆናል። ስኪነር ንግግርን በየዓይነቱ ለያየው፦ የሚሹትን ለማግኘት የሚወጣ ቃል፣ ያዩትን የሚሰይም ቃል፣ የሰሙትን የሚደግም ቃል፣ ሌላ ቃል የጠራው ቃል። «እንደምን አደርክ» ሲባል ሳናስበው «እግዚአብሔር ይመስገን» የምንለው ይህ የመጨረሻው ነው። ሁሉንም የሚያስተዳድረው ግን አንድ ሕግ ነው፤ ምላሽ ያገኘ ይጠነክራል፣ ያላገኘ ይከስማል።

ስለ መጽሐፉ አጀማመር ስኪነር ራሱ የተረከው ወግ አለ። በ1934 አንድ ምሽት በገበታ ላይ ከፈላስፋው ከኋይትሄድ ጋር ተቀምጦ ስለ ባሕርያውያን ትምህርት በወጣት ግለት ያስረዳል። ፈላስፋው ብዙውን ተቀበለውና አንድ ፈተና አቀረበለት፦ አሁን እኔ እዚህ ተቀምጬ፣ በዚህ ገበታ ላይ ጥቁር ጊንጥ እየወደቀ አለመሆኑን ብናገር፣ ይህን ያናገረኝ ምን እንደሆነ አስረዳኝ አለው። ጊንጥ የለም፤ የሚወድቅ ነገርም የለም። በሌለ ነገር ምላሽ እንዴት ይቀሰቀሳል? ስኪነር በማግሥቱ መጻፍ ጀመረ፤ መጽሐፉ እስኪወጣ 23 ዓመት ፈጀ። በመጨረሻው ላይ የሰጠው መልስ ያስፈግጋል። ጥቁሩ ጊንጥ ምናልባት የባሕርያውያን ትምህርት ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ፈላስፋው የፈራው እሱን ነው አለ። እዚህ አገር ቢሆን ጊንጡ ሰም፣ ትምህርቱ ወርቅ ብለን እንፈታለት ነበር። ውስጥን አንመረምርም ያለ ሊቅ ሲጨንቀው የሰው ልብ ውስጥ የተደበቀ ወርቅ ፍለጋ መግባቱ ግን ለእኔ የመጀመሪያው ስንጥቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ምላሽ ያገኘ ይጠነክራል የሚለው የስኪነር ሕግ በመንዝ ቤት ሲፈተን ምን ይሆናል?

በ1950ዎቹ መጨረሻ ዶናልድ ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ወደዚህ አገር መጥቶ መንዝን አጠና። በ1965 ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይነበባል፣ ይተቻልም። ስለ አማራ ልጅ አስተዳደግ ከጻፈው ዋናው፣ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ከልጁ የሚጠብቀው ታዛዥነትንና ጨዋነትን ነው የሚል ነው። ይህን ለማወቅ እናንተ ሌቪን አያስፈልጋችሁም። እንግዳ ሲመጣ ልጅ እግር ያጥባል፣ ቆሞ ያስተናግዳል፣ ከትልቅ ሰው ፊት አይለፈልፍም። ሳይጠየቅ የተናገረ «ዝም በል፣ አንተ ባለጌ!» ይባላል። ብዙ የሚያወራ ልጅ አይመሰገንም፤ አፈኛ ይባላል። ቁንጥጫ የቀመሰም አይጠፋም።

በስኪነር ሕግ ብንሄድ ምን መጠበቅ ነበረብን? ንግግሩ ሽልማት ያጣ፣ እንዲያውም በቁንጥጫ የተመለሰለት ልጅ ንግግሩ እየከሰመ መሄድ ነበረበት። መንዝ የዱዳ አገር መሆን ነበረባት ማለት ነው። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ፤ ከበጎቹ ኋላ ሆኖ ቃልና ተረብ የሚያወርደው የመንዝ እረኛ፣ ማታ በእሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚገጥመው ልጅ፣ አገር የሚያስቀና አማርኛ ነው ያለው።

አንድ ባሕርያዊ እዚህ ቢቀመጥ ዝም አይልም፤ ዝም ሊልም አይገባውም። «ሽልማቱን ያያችሁት በተሳሳተ ቦታ ነው» ይለኛል። «ልጁን የሚሸልሙት ትልልቆቹ ሳይሆኑ ታላቅ እህቱና እረኞች ጓደኞቹ ናቸው።» እውነት አለው። ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ታናሿን አዝላ ስትዞር አብራው ታወራለች፤ እረኞቹም ለጥሩ ተረብ በሳቅ ይከፍላሉ። ግን ይህም ከሌለ ለብቻው እያወራ የሚጫወተውን ልጅ ምን እንበለው? ስኪነር ለዚህም መልስ አላጣም፤ ልጁ የራሱን ድምፅ ትልልቆቹ እንደሚናገሩት ሆኖ ሲሰማው ራሱን በራሱ ይሸልማል አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሽልማት ከእናት ሲመጣ ሽልማት፣ ከእረኛ ሲመጣ ሽልማት፣ ከማንም ሳይመጣም ሽልማት ከሆነ፣ ቃሉ ምንም አይነግረንም። ከስኪነር መጽሐፍ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ ገና 30 ዓመት ያልዘለለው የቋንቋ ሊቅ ኖአም ቾምስኪ ባወጣው ረጅም ሒስ የመታው ይህንኑ ብልት ነው። አይጥ በሳጥን ውስጥ ስትሆን ቀስቃሹም፣ ምላሹም፣ ሽልማቱም ተለክቶ ይታወቃል። ወደ ንግግር ሲዞሩ ግን ቃላቱ ብቻ ቀሩ፣ ልኩ ጠፋ።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ሁሉም ወላጅ ከሕፃን ጋር ፊት ለፊት አያወራም። በቦሊቪያ ቺማኔ በሚባሉት ሕዝቦች ዘንድ የተደረገ ጥናት፣ ሕፃናቱ ቀጥታ ለእነሱ የተነገረ ንግግር የሚሰሙት በሰዓት ከአንድ ደቂቃ በታች መሆኑን አሳይቷል። እነዚያም ልጆች አድገው ይናገራሉ።

ስለ እርማት ደግሞ እንይ። ብዙዎቻችን ልጅ የሚማረው ስንስቅበትና ስናርመው ይመስለናል። ሮጀር ብራውንና ካሚል ሃንሎን በ1970 ባወጡት ጥናት የእናቶችንና የልጆችን ጭውውት መርምረው ያገኙት ሌላ ነው፤ እናቶች የሚያርሙት አነጋገሩን ሳይሆን እውነቱን ነው። በእኛ ቤት እንዲህ ይሆናል። ልጁ በር ላይ ቆሞ «ላሟ መጣ!» ይላል። እናቱ ከጓዳ «አዎ፣ መጣች፤ እሰራት» ትላለች። ስለ ሰዋስው ማን አስታወሰ? «ላሟ መጣች!» ብሎ አሳምሮ ከተናገረና የመጣው በሬ ከሆነ ግን «ዓይንህ የት ነው? በሬው ነው እንጂ!» ይባላል። ባሕርያውያን ልክ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ልጅ አድጎ እውነት የሚናገር፣ ነገር ግን አማርኛው የተሰባበረ ሰው ይሆን ነበር። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሁላችንም አማርኛችን የተቃና ነው፤ እውነተኛነታችንን ግን ለፍርድ ቤት ልተወው።

ሳይታረም የማይታለፍ ነገርም አለ፣ ልደብቀው አልችልም። ልጅ አያቱን «አንተ» ካለ ቤቱ በሙሉ ይጮኽበታል። «አንቱ በል!» «እግዜር ይስጥልኝ በይ!» «እንደምን አደሩ በል እንጂ!» እያልን የምናሠለጥነው በትክክል ስኪነር እንዳለው ነው፦ ቀስቃሽ፣ ምላሽ፣ ቁጣ ወይም ምርቃት። በአሜሪካም ወላጆች ሌላውን ትተው የምስጋናና የሰላምታ ቃላትን ልጁን እየጎተጎቱ እንደሚያስተምሩ ተጠንቷል። እንግዲህ የባሕርያውያን ሕግ ሐሰት ሳይሆን ድርሻው ጠባብ ነው፤ የይሉኝታውን አማርኛ ይገዛል፣ ከሥር ያለውን አማርኛ ግን አይደርስበትም።

ከሥር ያለው አማርኛ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «መጣ» የሚለውን ስናፈርስ «አልመጣም» እንላለን፤ ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም»። «ያልመጣው ልጅ» ወይም «ስላልመጣ» ስንል ግን ያ የኋላው «ም» የት ሄደ? ይህን ደንብ ለልጁ የነገረ አባት ከመካከላችን አለ? ለራሳችሁስ ዛሬ ከመጠየቃችሁ በፊት አስባችሁት ታውቃላችሁ? ልጁ ግን ትምህርት ቤት ሳይገባ አበጥሮ ያውቀዋል። ማንም ያላስተማረውን፣ ማንም ያልሸለመውን፣ ወላጁ ራሱ ሊያስረዳ የማይችለውን ነገር። «ብላ» እና «ስማ» በሚሉት መንገድ ሄዶ «ና» በማለት ፋንታ «ምጣ» የሚል ሕፃን ቢገጥማችሁ አትሳቁበት፤ ከእናቱ ያልሰማውን ቃል ራሱ አወጣው ማለት ነው። የሚደግም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልሰማው አይሳሳትም ነበር። በ1958 ጂን በርኮ ለልጆች የማይታወቅ ፍጥረት ሥዕል አሳይታ፣ ራሷ በፈጠረችው ስም ጠርታ፣ ሲበዙ ምን እንደሚባሉ ጠየቀች፤ ልጆቹ ሰምተውት የማያውቁትን ስም አበዝተው መለሱላት። ቤታችሁ ገብታችሁ ሞክሩት። አንድ ነገር ሥላችሁ «ይህ ዱቢ ነው» በሉት፤ አንድ ሌላ ጨምሩና «እነዚህስ?» በሉት። «ዱቢዎች» ይላችኋል።

የኔታዎች በመካከላችን ስላሉ በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለባሕርያውያን ትምህርት ከአይጥ ሳጥን የተሻለ ማስረጃ ቢፈልጉ ኖሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም መምጣት ነበረባቸው። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሀ ሁ ብሎ፣ አቡጊዳን አልፎ፣ በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ግእዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ይወጣል። ተነሹን ቢጥለው፣ ወዳቂውን ቢያነሣው የኔታ ከተቀመጡበት ይሰማሉ፤ ዓይናቸው ቢያይም ባያይም ጆሯቸው አይስትም። ስሕተቱ ወዲያው ይታረማል፣ አለንጋውም ሩቅ አይደለም። ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተሰቡ ድግስ ይደግሳል፣ መምህሩም ይመርቁታል። ድግግሞሽ፣ እርማት፣ ቅጣት፣ ሽልማት፤ ሁሉም በየደረጃው። ስኪነር ከዚህ ምን ይጨምራል?

ውጤቱስ? ልጁ 150ውን መዝሙር ያለ አንዳች ስሕተት ያወርደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምን እንዳለ አያውቅም። በግእዝ ውሃ ጠይቅ ቢሉት አይችልም። ያ ልጅ በዚያው ዕድሜው፣ ማንም አለንጋ ሳያነሣበት፣ በአማርኛ ተጣልቶ፣ ዋሽቶ፣ አስታርቆ፣ ተረት ተርቶ ይውላል።

ሊቃውንቱ ይህን ልዩነት ያወቁት ከሃርቫርድ በፊት ይመስለኛል። አለቃ እምባቆም ቃለወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉት፣ በመንግሥቱ ለማ ተተርጉሞ በ1970 በእንግሊዝኛ የወጣው መጽሐፍ፣ የጉባኤ ቤቶቹን ቅደም ተከተል ያሳያል። ከንባብ ቤት በኋላ ቅኔ ቤት አለ። እዚያ መድገም አይሠራም። ተማሪው ግስ ያጠናል፣ እርባታውን ይገባል፣ ከዚያ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይቆጥራል። የሚቆጥረው ደግሞ አዲስ መሆን አለበት። የሌላውን ቅኔ የኔ ብሎ የዘረፈ በጓደኞቹ ፊት ይዋረዳል፤ የራሱንም የትናንት ቅኔ ዛሬ ቢያመጣ አይመሰገንም። ትላንት ያልተባለ ዓረፍተ ነገር በየዕለቱ፣ ከተወሰነ ደንብ ማለቂያ የሌለው ነገር። ቾምስኪ ስለ ቋንቋ ሊል የፈለገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። የንባብ ቤትና የቅኔ ቤት ተለያይተው መኖራቸው፣ ልማድ አንድ ነገር፣ ደንብን ይዞ መፍጠር ሌላ ነገር መሆኑን ሊቃውንቱ ሳይጽፉ የተናገሩት ነው።

ባሕርያውያን የሰውን ትምህርት ከእንስሳ ትምህርት አንለየውም ይሉ ነበር። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ጎረቤት አላችሁ። በመንዝ ጓሳ ላይ ሣር እየነጨ የሚውለውን ጭላዳ ዝንጀሮ ተመራማሪዎች ከ2005 ወዲህ እየተከታተሉት ነው። በሰሜን ተራሮች ደግሞ ቶር በርግማን የተባለ ተመራማሪ በ2013፣ የጭላዳ ወንዶች ከንፈራቸውን እያማታቱ የሚያወጡት ድምፅ ፍጥነቱና ምቱ ከሰው ንግግር ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። ድምፅ አላጣም ማለት ነው። የመንዝ እረኛና ጭላዳ ደግሞ በአንድ ገመገም ላይ፣ አንዱ የሌላውን ጩኸት እየሰማ ስንት ዘመን ኖሩ፤ ጭላዳው ግን አንድ ቃል አልተናገረም! በ1931 ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት እንስሳ ከሰው ጋር ቢያድግ ይናገር እንደሆነ በቤታቸው ሞከሩት፤ ጓ የተባለች ሕፃን ቺምፓንዚ አምጥተው ከልጃቸው ከዶናልድ ጋር እንደ እህትና ወንድም፣ በእኩል ልብስ፣ በእኩል ምግብ፣ በእኩል ምስጋና አሳደጓት። ጓ ብዙ ትእዛዝ መስማት ቻለች፤ አንድ ቃል ግን አልተናገረችም። እንዲያውም ዶናልድ የእሷን የምግብ ጩኸት መኮረጅ ጀመረ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሙከራው ቆመ።

እንግዲህ ስኪነርን እንቅበረው? እኔ አልልም። ሰዋስው ከተፈጥሮ የተሰጠን ነው ያለው ቾምስኪም የተናገረው ሁሉ አልጸናለትም። በ1996 የወጣ ጥናት የስምንት ወር ሕፃናት ለሁለት ደቂቃ ያህል ትርጉም አልባ የድምፅ ጅረት ሰምተው፣ የትኛው ክፍለ ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚደጋገም ይዘው ቃላቱን እንደሚለዩ አሳየ፤ ይህ መማር እንጂ በተፈጥሮ የተሰጠ ሰዋስው አይደለም። በ2003 ማይክል ጎልድስቲንና ባልደረቦቹ፣ እናት ሕፃኑ ባጉተመተመ ቅጽበት ፈገግ ብትል ወይም ብትነካው ጉተምተማው ወዲያው ወደ ቃል የተጠጋ እንደሚሆን አረጋገጡ። ከላይ በእናቱ ጀርባ ላይ ያሳየኋችሁ ሕፃን እውነት ነበር ማለት ነው። የስኪነር ጥፋት ከበሩ ላይ ያየውን ቤቱ በሙሉ ነው ማለቱ ነው።

የባሕርያውያን ትምህርት ከሁሉ በላይ የጠቀመው ደግሞ ቋንቋ በራሱ መንገድ ላልመጣላቸው ልጆች ነው። ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች አንድን ነገር በትናንሽ እርምጃ ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እያመሰገኑ ማስተማር ከባሕርያውያን ቤት የወጣ ዘዴ ነው። በአገራችን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት እናት፣ በ2002 በአዲስ አበባ የኒያ ፋውንዴሽንን የጆይ የኦቲዝም ማእከል አቋቋሙ፤ በፊደላችን ድምፆች ላይ የተመሠረተ የራሳቸውን ማስተማሪያም አዘጋጁ። በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ እነዚህ ልጆች እርግማን ተብለው በየጓዳው እንዳይደበቁ ሲታገሉ ኖረዋል። የእሳቸውን ሥራ የስኪነር ነው አልልም፤ ነገር ግን በትዕግሥት መደጋገምና ማበረታታት ሕይወት የሚሆንበት ቦታ እንዳለ ያሳየናል።

ለመምህራን የማቀርበው የመጨረሻው ነገር ስለ እንግሊዝኛ ነው። «ተከተሉኝ!» ብለን ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ የምናስጮኸው ዘዴ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከባሕርያውያን ትምህርት ተወልዶ ዓለምን የዞረ ነው። አያስጠላኝም፤ ድምፁን ለመልመድ ይረዳል። ችግሩ ብዙ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ እዚያው መቆሙ ነው። ንባብ ቤት ብቻ ሠርተን ቅኔ ቤቱን ረሳነው። አሥር ዓመት የተከተለን ልጅ ከዚያ ሁሉ በኋላ በራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ካላወጣ፣ ስንፍናው የእሱ ብቻ አይደለም። ከጩኸቱ በኋላ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ የራሳቸውን ነገር፣ የትናንት ገበያውን፣ የበጎቹን፣ የታመመውን ጥጃ፣ ስሕተቱን ሳትለቅሙባቸው አስወሯቸው።

ለወላጆች ደግሞ፤ ሁለት ዓመት አልፎት አንድም ቃል ያላወጣ ልጅ ካላችሁ፣ «ወንድ ልጅ ነው፣ ዘግይቶ ነው የሚፈታ» ብላችሁ አትቀመጡ። ቁንጥጫም ማባበልም ከመሞከራችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩ። ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ ድስት ብታንኳኩ ዘወር ካላለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ወደ ሆስፒታል እንዲልኳችሁ ጠይቁ። የማይሰማ ልጅም ቋንቋ አይነፈግም፤ የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች መካከል ቶሎ ከገባ በእጁ እንደማንኛውም ልጅ ይናገራል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ የኔታዎች፣ ስለ ቅኔ ቤቱ የተናገርኩትን የምታርሙኝ ካላችሁ፣ እሰማለሁ።